ጀርባ የሌለው ካሜራ

እኛ አዲስ አበቤዎች ፊትና ጀርባ ለይተን የምንኖር ሰዎች ነን። ቤታችንን አስቡት። ሳሎኑ ፊት ነው፤ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ቴሌቪዥኑ ተወልውሎ፣ የልጆቹ የምረቃ ፎቶ በዕድሜ ቅደም ተከተል ተሰቅሎ እንግዳ ይጠብቃል። ጓዳው ጀርባ ነው፤ እዚያ ምን እንዳለ እኔም እናንተም እናውቃለን፣ ግን አንነጋገርበትም። መንገዱም ያው ነው። ከቦሌ ወደ ሰሚት በዋናው አስፋልት ስትሄዱ የምታዩት ከተማ አንድ ነው፤ መንገድ ተዘጋግቶበት ሚኒባሱ በውስጥ ለውስጥ ሲያሾልካችሁ የምታዩት ደግሞ ሌላ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። እኔ ራሴ የምበላው ከዚሁ ነው።

ሥራዬ ሠርግ ማቀናበር ነው፤ ቪዲዮውን ማለቴ ነው። ሰሚት ውስጥ በአንድ የውበት ሳሎንና በአንድ ጎሚስታ መሃል የተሸጎጠች ክፍል አለችኝ። እዚያ ቁጭ ብዬ የሰው ደስታ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ እንደየቤተሰቡ፣ ዘፈን ወይም መዝሙር እደርብበታለሁ። በመሃላችን ይቅርና፣ የዚህ ሙያ ጥበቡ ማሳየት አይደለም፤ መደበቅ ነው። ንግግር ሲረዝምበት የሚያዛጋው አጎት፣ ሚዜው ላይ ሲያፈጥ የተያዘው ሙሽራ፣ ሥጋ በፌስታል ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ የምትከት የተከበረች ወይዘሮ፣ ሁሉም በእኔ እጅ አልፈው ከታሪክ ወጥተዋል። ሰዎች ቪዲዮውን አይተው “እንዴት ያማረ ሠርግ ነበር” ይሉኛል። አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ያቺ ዙሪያዋን የምታይ ካሜራ መጣችብኝ። ልጆቹ ስሪ ሲክስቲ ይሏታል። መዳፍ ውስጥ ትገባለች፤ ከፊትም ከኋላም ዓይን አላት። በቀጭን ዘንግ ላይ ሰክታችሁ ድንኳን መሃል ካቆማችኋት ጣሪያውንም ወለሉንም፣ ሙሽሮቹንም ከወዲያ በኩል ሳህን የሚያጥቡትንም እኩል ትቀርጻለች። ቀራጩ እንኳ መደበቂያ የለውም፤ ሱፌን ለብሼ ጠረጴዛ ስር የተንበረከክኩበት ሠርግ አለ። ቪዲዮው ካለቀ በኋላ፣ ዓይን ላይ የሚታሰረውን መመልከቻ መነጽር ያደረገ ሰው ድንኳኑ መሃል የቆመ ይመስለዋል። ወደ ቀኝ ቢዞር የቀኙን፣ ወደ ኋላ ቢዞር የኋላውን ያያል። እኔም ደንበኛ በመጣ ቁጥር አፌን ሞልቼ እናገር ነበር፦ ይቺ ካሜራ ጀርባ የላትም፣ የሚያመልጣት የለም፣ መዋሸት አታውቅም።

ስለ ሙያው ትንሽ ልንገራችሁ፤ ለታሪኩ ያስፈልጋል። ፋይሉን ሶፍትዌሩ ውስጥ ስታስገቡት መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የተበላሸ የሚመስል ነገር ነው። ብርቱካን ልጣችሁ ልጣጩን ጠረጴዛ ላይ ብትዘረጉት እንደሚሆነው፣ ጣሪያው ይለጠጣል፣ ወለሉ ይንሻፈፋል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ግማሹ በቀኝ ጠርዝ ግማሹ በግራ ጠርዝ ብቅ ይላል። ከዚያ ሶፍትዌሩን “ይሄ እኮ ክብ ነው” ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፤ እሱም ዓለምን ወደ ክብነቷ ይመልሳታል። ቀጥሎ ደግሞ ይጠይቃችኋል። ፊቱ በየት በኩል ነው? መነጽሩን ያደረገ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የት ላይ ይረፍ? እንግዲህ ጀርባ የሌላት ካሜራም እኛ እጅ ስትገባ ፊት ይበጅላታል ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ ፊት የማደርገው ሙሽራዋን ነው።

መደበቁ ላይ ግን ይቸግራል። በተራ ቪዲዮ የማይፈለገውን ቆርጬ እጥላለሁ፤ ክብ ግን ከየት ተነሥቶ የት ይቆረጣል? ስለዚህ እለጥፍበታለሁ። ከጎኑ ካለው ንጹሕ ሸራ ትንሽ እወስድና በማይፈለገው ነገር ላይ እደርበዋለሁ፤ ጠርዙን አለሰልሳለሁ፣ ብርሃኑን አመሳስላለሁ፤ ነገርየው ያኔ እዚያ እንዳልነበረ ይሆናል። ዋናው ከስር አለ፣ ልጣፉ ከላይ ነው። ደንበኛው የሚወስደው ግን ተለጥፎ ያለቀውን ነው።

አንድ ቅዳሜ እዮብ ደወለልኝ። እዮብ ከሁለት ዓመት በፊት ሠርጉን በዚያች ካሜራ የቀረጽኩለት ልጅ ነው። ነገ ከምሳ በኋላ ላፕቶፔንና መነጽሩን ይዤ ቦሌ አራብሳ፣ የባለቤቱ የሌሊሴ አክስት ቤት እንድመጣ ለመነኝ። ለሠርጋቸው ማስታወሻ የሰጠኋቸው መነጽር ተሰብሯል፤ ያም ባይሆን ሽማግሌዎቹ ሠሪው ራሱ መጥቶ ይክፈተው ብለዋል አለኝ። የምን ሽማግሌዎች ብዬ ጠየቅኩት። “የእርቅ” አለኝና ነገሩን ዘርዘር አድርጎ ነገረኝ።

ሌሊሴ ያደገችው አራብሳ አጠገብ፣ ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣቱ በፊት የእርሻ መንደር በነበረ ሰፈር ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጓት አባቷ ጋሽ ደቻሳ ናቸው። ጋሽ ደቻሳ ማተባቸውን ያጠበቁ፣ ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው ናቸው። የእዮብ ወላጆች ደግሞ ከደቡብ መጥተው ሰሚት ቤት የሠሩ የወንጌል አማኞች ናቸው። ልጅቷ ወደ እዮብ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ በዚያም ልታገባ ነው ሲባል ጋሽ ደቻሳ በጎረቤት ፊት ማሉ። የዚያን ሠርግ ድንኳን አልረግጥም አሉ። የለመናቸው ሁሉ አልሆነለትም። ሠርጉ በእዮብ ወላጆች ግቢ ተደረገ፣ በሙሽራዋ በኩል በአባት ቦታ አክስቷ ቆመች፤ እኔም መሃል ላይ ካሜራዬን ተክዬ ቀረጽኩ።

አሁን ልጅ ተወልዷል። ሌሊሴ ልጇን አባቷ ጭን ላይ ማስቀመጥ ፈለገች፤ አባትየውም ልባቸው ቀልጧል። እርቁ በአንድ ቀን ሊያልቅ የሚገባው ነበር። ሽማግሌዎቹ “ሠርጓ ላይ በመቅረትዎ ይቅርታ ይበሏት” ሲሏቸው ግን ሰውየው እምቢ አሉ። አልቀረሁም አሉ። ሄጄ ነበር፤ መሐላዬን እንዳላፈርስ ድንኳኑን አልረገጥኩም እንጂ ከውጭ ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ አሉ። ሌሊሴ በዚህ ጊዜ ብድግ ብላ ወጣች። እርቁ የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የተጠራሁት ለምስክርነት ነው። ወይም ካሜራዬ።

በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ዕቃዬን ተሸክሜ ወጣሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል፤ የሚመሯቸው አቶ ወርዶፋ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። ሌሊሴ ልጇን ታቅፋ በመስኮቱ በኩል፣ ጋሽ ደቻሳ በበሩ በኩል ተቀምጠዋል፤ እዮብና አክስቲቱ ግድግዳው ጥግ ቆመዋል። በሁለቱ መሃል ያለው ቦታ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ተሞልቷል። ሰላምታ ሰጥቼ ላፕቶፔን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ ከመቸኮሌ የተነሣ ክብነቱን ሳልነግረው ከፈትኩትና ድንኳኑ እንደዚያ እንደ ልጣጩ ተንሻፎ ወጣ። አቶ ወርዶፋ ጠጋ ብለው አዩትና ይህ ነው ወይ የሚመሰክርልን አሉ። አስተካከልኩት።

መነጽሩን መጀመሪያ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ በወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ዞሩ። ሙሽሮቹን አዩ፣ የዘማሪዎቹን ቡድን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። ወደ ኋላ ዞረው ብዙ ቆዩ። ቀጥለው ሁለቱም ሽማግሌዎች በየተራ አዩ። ሦስቱም ከድንኳኑ ውጭ የቆመ ሰው አላገኙም። ከዚያ ሌሊሴ፣ ዓይኗን ከልጇ ላይ ሳታነሣ፣ ተናገረች።

“ባይመጣም እኮ ይቅር ብዬው ነበር” አለች። “መጥቼ ነበር ሲለኝ ነው ያልቻልኩት። ያንን መነጽር አድርጌ ስንቴ እንደፈለግኩት ጌታ ነው የሚያውቀው። ሙሽሪት ራሴን አይቼ አላውቅም፤ ከኋላ ከኋላ ስዞር ነው የከረምኩት።”

አንጀቴን በላችኝ። የእኔ ልፋት ሁሉ፣ ያ ፊት ያደረግኩት ቬሎ፣ ያ የተስተካከለ ብርሃን፣ ለካ አንድ ቀን እንኳ አልታየም።

ጋሽ ደቻሳ እኔም ልየው አሉ። መነጽሩን ራሳቸው ላይ አሰርኩላቸው፤ ቀጭን ናቸው፣ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ነበረብኝ። ተነሥተው ቆሙ። ሌሎቹ ሁሉ ቪዲዮው ሲጀምር መጀመሪያ ያረፉት ሙሽራዋ ላይ ነው፤ እሳቸው ግን ወዲያው ዞሩ። የት እንደሚፈልጉ የሚያውቅ ሰው አዟዟር ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አየሩ ላይ አንድ ቦታ አመለከቱ።

“እዚህ ነበርኩ” አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። “ሸራው ከሚገጥምበት፣ ከለስላሳው ሣጥን አጠገብ። ሣጥኑስ የት ሄደ?”

በቪዲዮው ውስጥ የለስላሳ ሣጥን የለም። አንድም የለም። የእዮብ እህት ሠርጉ እንዳለቀ ቢሮዬ መጥታ፣ ከበስተኋላ የተቆለሉት ሣጥኖችና ጀሪካኖች ያሳፍራሉ፣ አጥፋልን ብላኝ አንድ ባንድ የለጠፍኩባቸው እኔ ነኝ። እዚያ ሣጥን እንደነበረ ሊያውቅ የሚችለው ያን ቀን በቦታው የቆመ ሰው ብቻ ነው። ከሣጥኖቹ አጠገብ ደግሞ፣ ከሸራው ውጭ በመግቢያው ቀዳዳ የሚታይ፣ ካፖርት የለበሰና ዱላ የያዘ አንድ ሰውዬ ነበር። እሱን አጥፋ ያለኝ ማንም የለም። ሣጥኖቹን ሳጠፋ እግረ መንገዴን አጠፋሁት።

አሁን አስቡት። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ላፕቶፔን አጣጥፌ፣ የቀረበልኝን ለስላሳ ጠጥቼ ወደ ሰሚት እመለሳለሁ። ጋሽ ደቻሳ ውሸታም ሆነው ይቀራሉ፣ እኔ ደግሞ መዋሸት የማታውቅ ካሜራ ያለኝ ባለሙያ ሆኜ እቀጥላለሁ። ዝም ማለት አስቤ ነበር። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ አስቤ ነበር። ግን ጋሽ ደቻሳ መነጽሩን አላወለቁም። እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ራሳቸውን ይፈልጋሉ። በዚያች ቅጽበት ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም። እርግጠኛ አለመሆን ነበር። ምናልባት አልሄድኩ ይሆን እያሉ ነበር መሰለኝ፤ እሱን መሸከም አልቻልኩም።

“እሳቸው እውነታቸውን ነው” አልኩ። “ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።”

ማንም አልገባውም። ቁጭ ብዬ እንደ ተማሪ አስረዳኋቸው። ልጣፉ ምን እንደሆነ፣ ዋናው ከስር እንዳለ፣ ሠርጉን ሳቀናብር ምን እንደሠራሁ ነገርኳቸው። የድሮ ሥራዎቼን የማኖርበትን ዲስክ ሰካሁና ያልተጨረሰውን ፋይል ከፈትኩ። አቶ ወርዶፋ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ከልጣፉ ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስነካት ንጹሑ ሸራ ጠፋና ሣጥኖቹ ተመለሱ፤ ጀሪካኖቹም ተመለሱ። ከእነሱ ወዲያ ጋሽ ደቻሳ በድንኳኑ ደፍ ላይ፣ ግማሽ እርምጃ ከውጭ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ካፖርቱ አሁን የለበሱት ነው። ስገባ ሰላም ስላቸው እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር።

አክስቲቱ ልጁን ተቀበለቻትና ሌሊሴ መነጽሩን አደረገች። ወንበሯን ይዛ ዞረች። ምርቃቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አድርጌላት ነበር፤ የእዮብ አያት ቆመው ይመርቃሉ፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው አሜን ይላል። ይህን ቦታ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም ሥራ ያበዛብኝ እሱ ነው። ሰውየው ሌላውን ጊዜ ሁሉ ፀጥ ብሎ ነበር የቆመው፣ ለመለጠፍ ምቹ ነበር። ምርቃቱ ሲጀመር ግን ዱላውንና ኮፍያውን ብብቱ ስር አድርጎ ሁለት መዳፉን ከፍቶ ዘረጋ። ክንዱ ከልጣፉ ወጣብኝ፤ ልጣፉን ማስፋት፣ ጠርዙን እንደገና ማለስለስ ነበረብኝ። ያን ቀን ተነጫንጬ ነበር። አንድ አባት የሴት ልጁን ምርቃት ከደጅ ቆሞ ሲቀበል፣ እኔ ክንዱ ስለወጣብኝ እነጫነጭ ነበር።

“አሜን እያለ ነው” አለች ሌሊሴ። ሌላ አልተናገረችም። ከመነጽሩ ስር እንባዋ ወረደ፤ እሷ ግን አላወለቀችውም፣ ዓይኗን ከዚያ ቦታ መንቀል አልቻለችም። ደግማ ልታየው ፈልጋ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ መለስኩላት። ሁለተኛም መለስኩላት። ጋሽ ደቻሳ ይህን ሁሉ ጊዜ ከኋላዋ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆመው የልጃቸውን ጀርባ ያያሉ።

“አውልቂው ልጄ” አሉ አቶ ወርዶፋ። “ሰውየው ከኋላሽ ነው ያለው።”

አወለቀችው። የሆነውን በዝርዝር አልነግራችሁም፤ እኔም ወደ ላፕቶፔ አጎንብሼ ነበርና በደንብ አላየሁትም። ጉልበታቸው ላይ ስትወድቅ ሰምቻለሁ። “ኢንተላ ኮ” ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቀና ስል ሕፃኑ በዚያ ካፖርት ውስጥ ተጠቅልሎ ቁልፉን ይጎትት ነበር። እዮብ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደ ሴቶቹ ያለቅሳል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔም ለእናንተም ደስ ይል ነበር። ሽምግልና ግን ደንብ አለው። በዳይና ተበዳይ ሳይለይ ተነሥቶ አይኬድም። አባት አልበደለም፣ ልጅም አልበደለችም፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጭንቅላታቸውን ገጥመው ጥቂት ከተንሾካሾኩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። ዕቃ ተሸክሜ የመጣሁት ሰውዬ ተከሳሽ ሆኜ ተገኘሁ። ብድግ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአባትና በልጅ መሃል መጋረጃ ሆኜ መቆሜን አቶ ወርዶፋ በለሰለሰ ቃል ነገሩኝ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ጋሽ ደቻሳ ፊት ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ጉልበታቸውን ሳያስነኩኝ በትከሻዬ ቀና አደረጉኝና ይቅር ለእግዚአብሔር አሉኝ። ከዚያ፣ ለማወቅ ያህል ብቻ፣ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

“ማን መስዬህ ነው ያጠፋኸኝ?”

ሰው ፊት የሚነገር አልነበረም። ግን እስካሁን ከዋሸሁት በላይ መዋሸት አልፈለግኩም።

“ዘበኛ መስለውኝ ነው ጋሼ” አልኩ።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሌሊሴም ቀና ብላ አየችን። ጋሽ ደቻሳ ግን ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ክንዳቸው አዛወሩና፣ የተሳሳተ ተማሪ ሊያርሙ ፈልገው የሚታረም እንዳጡ ሁሉ ጥቂት አሰቡ።

“ታዲያ ምኑን ተሳሳትክ?” አሉኝ። “ዘበኛ ነኝ እኮ። እዚያው ሰሚት፣ ድሮ ጤፍ እዘራበት የነበረው መሬት ላይ የተሠሩትን ቤቶች ነው የምጠብቀው። ያን ዕለትም ተራዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ነው የመጣሁት።”

ይህን ብለው ወደ ልጅ ልጃቸው ተመለሱ። ይቅርታ የጠየቅኩት ሰውየውን ሌላ ሰው አድርጌ በማየቴ ነበር፤ እሳቸውም ይቅር ያሉኝ ለዚያ ነው። ለካ ማን እንደሆኑ በትክክል አይቼ፣ ዘበኛ ስለሆኑ ነው ያጠፋኋቸው። ለእሱ ይቅርታ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅም አላውቅም።